ቁርጡን የማወቅ ነገር

አንድ የእስቴ ሽማግሌ አውቃለሁ። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከቤታቸው ምሰሶ ላይ የተንጠለጠለች አሮጌ የቆዳ ኮሮጆ ነበረቻቸው። ልጆች ሆነን ገንዘብ ያለባት ይመስለን ነበር። አንድ ቀን ሲከፍቷት ብናይ የተጣጠፈ፣ ጠርዙ የተበላ፣ ጢስ ያጠቆረው ወረቀት ብቻ ነው። ግብር የተከፈለበት ደረሰኝ! የሳቸው፣ የአባታቸው፣ ያባታቸውም ወንድም። "ይኼ ሁሉ ምን ያደርጋል?" ስንላቸው፣ "ልጄ፣ ገንዘብማ ያልቃል፤ ይኼ ግን የተቆረጠ ነገር ነው፤ ማንም መጥቶ ከፍለሃል አልከፈልህም አይለኝም" አሉን።

በቅርቡ ደግሞ ከዚያው ከጉና ማዶ ካሉት ከተሞች በአንዱ ሱቅ ያለው ወዳጄ እያማረረ አንድ ታሪክ አጫወተኝ። የዓመቱን ግብር ከፍሏል፤ ደረሰኝ ተቀብሏል፤ ክሊራንስ ወስዶ ፈቃዱን አድሷል። ይኼ ሁሉ ካለፈ ከሦስት ዓመት በኋላ አንድ ደብዳቤ ደረሰው። "በሒሳብዎ ላይ ልዩነት ስለተገኘ..." ብሎ ይጀምራል። ፍሬ ግብር፣ ወለድ፣ መቀጫ፤ ሦስቱ ተደምረው የሱቁን ዕቃ ግማሽ ያህላሉ። ወዳጄን ያናደደው ግን የገንዘቡ ብዛት ብቻ አልነበረም። "እሺ፣ ልክፈል። ግን ያን ጊዜ የሰጡኝ ደረሰኝ ታዲያ ምን ነበር? ከሁለት ዓመት በኋላስ ሌላ ደብዳቤ ላለመምጣቱ ዋስትናዬ ምንድን ነው?"

ሽማግሌው ወረቀት ይዘው እንቅልፍ ነበራቸው፤ ወዳጄ ወረቀት ይዞ እንቅልፍ የለውም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው የዛሬው ጨዋታችን።

አማርኛችን "ቁርጥ" የሚል ደግ ቃል አለው። ሥጋም ቁርጥ ይሆናል፤ ነገርም ቁርጥ ይሆናል። "ቁርጡን ንገረኝ" የሚል ሰው መልካም ወሬ ብቻ እየለመነ አይደለም፤ ክፉም ቢሆን ልወቀውና ልረፍ እያለ ነው። "ቁርጥ ግብር" የሚለው ስምም ከዚሁ ቤት የወጣ ነው። ልኩ የታወቀ፣ የተቆረጠ፣ ሹም በተለዋወጠ ቁጥር የማይለዋወጥ ግብር። ያገራችን ገበሬ ከመንግሥት ጋር የነበረው ረጅም ሙግት፣ ጠጋ ብለው ካዩት፣ "አልከፍልም" የሚል ብቻ አልነበረም። "ስንት እንደሆነ ቁረጡልኝ፤ ከቆረጣችሁ በኋላ ደግሞ አትመለሱብኝ" የሚል ነበር።

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ የርስት አገሮች ናቸው። በጥንቱ ሥርዓት መሬቱ የሚጠራው ቀድሞ ባቀናው አባት ስም ነው። ከዚያ አባት በእናትም ሆነ በአባት በኩል መወለዱን የቆጠረ ሁሉ ድርሻ ይጠይቃል። በርስቱ ላይ ደግሞ ጉልተኛ አለ፤ መኳንንት ሊሆን ይችላል፣ ደብር ሊሆን ይችላል፤ ከገበሬው ግብር የሚበላው እሱ ነው። ጭቃ ሹሙ በመካከል ቆሞ ያስገብራል። ግብሩ የሚመጣው በየሰዉ ገቢ ተሰልቶ ሳይሆን በአባት መሬት ላይ በጅምላ ነው። የአንድ አባት ልጆች ያችን የታወቀች ግብር በየድርሻቸው ያዋጣሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ድርሻህን ካዋጣህ ድርሻ አለህ ማለት ነው። ግብር መክፈል ዕዳ ብቻ ሳይሆን ምስክር ነበር። በርስት ክርክር ጊዜ "ከእገሌ አባት ጋር ገብሬአለሁ" ማለት ትልቅ ነገር ነው፤ ዘመናዊው ደረሰኝ ሲመጣማ ይኸው ምስክርነት በወረቀት ሰፈረ። ስለዚህ የግብሩን ልክ የሚነካ ሰው ገንዘብ ብቻ አይደለም የሚነካው። ማን ስንት እንደሚያዋጣ የተስማሙበትን፣ ስንት ሽማግሌ ደክሞ ያበረደውን ድልድል ሁሉ እንደገና ይከፍተዋል። የሽማግሌያችን ኮሮጆ ከልጆች ቀጥላ የምትጠበቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ቁርጥ የሌለው ግብር ምን እንደሚመስል ደግሞ ቤጌምድር ከማንም በላይ ያውቃል። ወታደር ከገበሬ ቤት ተመርቶ ይገባል፤ ከምጣዱ እንጀራውን፣ ከጋኑ ጠላውን፣ ከጉረኖው በጉን ይበላል። በቃኝ ሲል ነው የሚበቃው። አፄ ቴዎድሮስ በዘመናቸው መጀመሪያ ወታደሩ ደመወዝ እየተቀበለ ከገበሬው ላይ እንዲወርድ ለማድረግ ሞክረው ነበር፤ አልሆነም። መጨረሻቸው ላይ አገር ከዳቸውና ግዛታቸው ሲጠብ፣ ደብረ ታቦር ተቀምጠው የገዛ ቤጌምድራቸውን ወደመዝረፍ ደረሱ። ዳግማዊ ምኒልክ ደግሞ በ1885 ዓ.ም. ግድም ገበሬው ከምርቱ አሥራት እንዲከፍልና በምትኩ ወታደር እንዳይመራበት አዋጅ አወጡ። አዋጁ በየቦታው በቃሉ መሠረት ተፈጸመ ማለት አይደለም። ሐሳቡ ግን "ከአሥር አንዱን ስጥ፤ ዘጠኙ ግን ያንተ ነው" የሚል ነው። ቁርጥ ማለት ይኼው ነው።

አሥራት ራሱ የራሱ ጣጣ ነበረበት። ገማቹ መጥቶ አዝመራውን አይቶ ይገምታል። ከፍ አድርጎ ሊገምት ይችላል፤ ጉቦም ሊበላ ይችላል። ሆኖም አንድ ደግ ነገር አለው። እህሉ ከተወቃ፣ ገለባው ከተበተነ፣ ፍሬው ከተበላ በኋላ "የዛሬ ሦስት ዓመቱን አውድማ እንደገና ልየው" የሚል ገማች የለም። አውድማው ራሱ የይርጋ ሕግ ነበር። ለዳግም ምርመራ በሩን የከፈተው ወረቀት ነው፤ ወረቀት አይበሰብስም፤ ከመዝገብ ቤት ተፈልጎ ይወጣል። እንግዲህ ወረቀት ሲመጣ በሩን የሚዘጋ ሕግም አብሮት መምጣት ነበረበት ማለት ነው።

ከጣልያን መባረር በኋላ መንግሥት የመሬት ግብርን በብር አደረገው። በ1937 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 70 በተለካው አገር መሬቱን ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ ብሎ በሦስት ከፍሎ፣ አሥራቱን ጨምሮ በጋሻ 50፣ 40 እና 15 ብር ቆረጠ። ቤጌምድር፣ ጎጃምና ትግራይ ግን ከዚህ ድልድል ወጥተው ከወረራው በፊት ይከፍሉት በነበረው ልክ እንዲከፍሉ ተተዉ። ምክንያቱ ቸርነት አልነበረም። በርስት አገር ቀላድ መጣል ማለት ቤት ማቃጠል ማለት እንደሆነ መንግሥት ያውቃል። በጎጃም ገና በ1934 እና በ1936 ዓ.ም. መካከል መለካትን በመቃወም ረብሻ ተነስቶ ነበር፤ በ1942 ዓ.ም. ግድምም እንደገና ተነስቷል።

የእስቴና የስማዳ ሰው ለጎጃም ሩቅ አይደለም። በመካከላቸው ያለው ዓባይ ነው። ሰባራ ድልድይ የሚባለው፣ ከፋሲል ዘመን የቆየው ያ የድንጋይ ድልድይ፣ የሞጣን ሰው ከወዲህ ማዶ ካለው ከእስቴና ከአንዳቤት ሰው ጋር ለዘመናት ሲያገናኝ የኖረ ነው። ገበያውም ጋብቻውም ይሻገራል፤ ወሬውም እንደዚያው። ስለዚህ በ1960 ዓ.ም. በሞጣ፣ በብቸናና በዳሞት የሆነውን ለማንሳት ድልድዩን እንሻገር።

በኅዳር 1960 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 255 ወጣ። የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ነው። የ1953ቱን የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 173 አሻሽሎ አሥራትን የሚያስቀር፣ በምትኩም ግብሩን በገቢ መጠን ላይ የሚያቆም ነበር። በወረቀት ላይ ሲታይ ለድሃው የሚያዳላ፣ ሀብታሙን የበለጠ የሚያስከፍል ጥሩ ሕግ ነው። ሆኖም ገቢን ለማወቅ መገመት ያስፈልጋል፤ ለመገመት ደግሞ ማየት፣ መቁጠር፣ መመዝገብ ይመጣል። የጎጃም ገበሬ ገማቹን ሲያይ ያየው ቀላዱን ነው። "ዛሬ ገቢህ ስንት ነው ያለ፣ ነገ መሬትህ ስንት ነው ይላል፤ ከነገ ወዲያ መሬቱ የማን ነው ይላል።" ነገሩ ወደ አመፅ ሄደ። መንግሥት ፖሊስና ነጭ ለባሽ ላከ፤ አልበቃ ሲል አውሮፕላን ላከ። ብዙ ደም ፈሰሰ።

ስለዚህ አመፅ በሰፊው የጻፈው ገብሩ ታረቀ ነው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣ ሲሆን የጎጃምን አመፅ ከትግራይና ከባሌ አመፆች ጎን አስቀምጦ ይመረምረዋል። ከዚያ ታሪክ እኔ የምወስደው ፍጻሜውን ነው። አገረ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከቦታቸው ተነሱ። ከ1942 ዓ.ም. ጀምሮ የተጠራቀመው ውዝፍ ግብርም ተሰረዘ።

ይኼን የመጨረሻውን ነገር ቆም ብለን እናስበው። አሥራ ስምንት ዓመት ውዝፍ! ለአሥራ ስምንት ዓመት መንግሥት "አለብህ" ይላል፤ ገበሬው "የለብኝም" ይላል፤ ማንም ሒሳቡን አይዘጋውም። በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ልጅ ተወልዶ ሚስት ያገባል፤ አባትም ይሞታል። የአባት ዕዳ በልጅ ላይ፣ የአንዱ ሹም ግምት በሌላው ሹም ግምት ላይ ይደራረባል። ሊሰበሰብ የማይችል ዕዳ ደግሞ ለመንግሥት ሀብት አይደለም፤ ለሹሙ አለንጋ ነው። የወደደውን ያልፈዋል፤ የጠላውን በውዝፍ ይይዘዋል።

ይኼ የኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። የሮማው ንጉሥ ሀድሪያን እ.ኤ.አ. በ118 የአሥራ አምስትና የአሥራ ስድስት ዓመት ውዝፍ፣ 900 ሚሊዮን ሴስተርስ የሚያህል፣ ከሰረዘ በኋላ መዝገቡን በአደባባይ አቃጥሎታል። የመሰረዙ አዋጅ ብቻ ለምን አልበቃውም? ወረቀቱ እስካለ ድረስ አንድ ቀን አንድ ሹም እንደሚያወጣው ያውቅ ነበራ! የኛም ንጉሥ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያደረጉት ከዚያው የሚመዘዝ ነው። ልዩነቱ የኛው ከደም በኋላ መሆኑ ነው።

የዘመናዊ ሕግ ብልኃት እንግዲህ እዚህ ላይ ይመጣል። የንጉሥ ምሕረትና የአደባባይ እሳት ሳያስፈልግ፣ ሒሳብ በራሱ ጊዜ የሚዘጋበትን ቀን አስቀድሞ መቁረጥ።

አገራችን የንግድ ገቢ ግብርን በ1953ቱ አዋጅ፣ ቀጥሎም በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 286 ስትመራ ቆይታ፣ በ2008 ዓ.ም. የገቢ ግብሩን በአዋጅ ቁጥር 979፣ የአስተዳደሩን ሥርዓት በአዋጅ ቁጥር 983 ለየብቻ አወጣች። ይኼ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ስለኛ ጉዳይ በአንቀጽ 28 ይናገራል፤ ነገሩን ከሕግ ቋንቋ ወደ ገበያ ቋንቋ ላውጣው።

ነጋዴው ሒሳቡን ራሱ ሠርቶ ሲያስታውቅ፣ ያ ማስታወቂያ እንደ ግብር ስሌት ይቆጠራል። ባለሥልጣኑ ስሌቱን ማሻሻል ይችላል፤ ግን ነጋዴው ካስታወቀበት ቀን ጀምሮ በአምስት ዓመት ውስጥ ብቻ። ለምሳሌ ሒሳቡን በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ያስታወቀ ነጋዴ፣ ያ ሒሳብ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ይዘጋል። ከዚያ በኋላ "ልዩነት ተገኘ" ቢባል ልዩነቱ የታሪክ ነው። ስሌቱን የሠራው ባለሥልጣኑ ከሆነ ደግሞ አምስት ዓመቱ የሚቆጠረው ማስታወቂያው ለግብር ከፋዩ ከደረሰበት ቀን ነው።

አንድ ጊዜ የተሻሻለ ስሌት እንደገና ሊሻሻል ይችላል? ይችላል። ግን ወይ በዚያው በአምስቱ ዓመት ውስጥ፣ ወይም የተሻሻለው ስሌት ማስታወቂያ ከደረሰ በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ፤ ከሁለቱ የዘገየው ይያዛል። አምስቱ ዓመት ካለፈና በአንድ ዓመቱ የሚገባ ከሆነ ደግሞ፣ ባለሥልጣኑ መንካት የሚችለው በማሻሻያው የተለወጠውን ነገር ብቻ ነው፤ ሙሉውን መዝገብ እንደ አዲስ መገልበጥ አይችልም። ቅሬታ ያለው ግብር ከፋይ በ21 ቀን ውስጥ ለዚያው መሥሪያ ቤት ተቃውሞውን ያቀርባል፤ ካልሆነለት ወደ ታክስ ይግባኝ ኮሚሽን፣ ከዚያም ወደ ፍርድ ቤት። ይኼ የፌዴራሉ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 97 የግለሰብ ነጋዴዎችንና የአርሶ አደሮችን ግብር ለክልሎች ስለሰጠ፣ የነፋስ መውጫ፣ የአርብ ገበያ፣ የወገዳና የመካነ ኢየሱስ ባለሱቅ ጉዳዩ ከክልሉ ጋር ነው።

ታዲያ ሕጉ ይኼን ያህል ካሰበ የወዳጄ እንቅልፍ የት ሄደ?

አንደኛው ነገር፣ ወዳጄ ገና በሦስተኛ ዓመቱ ላይ ነው። ደረሰኝ የተቀበለ ዕለት ያለቀ መስሎታል፤ ክሊራንስ ሲሰጡት ደግሞ ነገሩ የታሸገ መስሎታል። ክሊራንስ ግን "ዛሬ በመዝገባችን የሚፈለግበት ዕዳ አላየንም" ማለት እንጂ "ሒሳቡ መርምረን ዘግተነዋል" ማለት አይደለም። ይኼን ማንም አልነገረውም። እሱ ብቻ አይደለም የማያውቀው፤ በሩን አንኳኩቼ የጠየቅኋቸው ነጋዴዎች ሁሉ አያውቁም። መሥሪያ ቤቶቻችን አንድ መስመር ከደረሰኙ ግርጌ ቢጽፉ ስንት ደም ግፊት በቀነሰ ነበር!

ሁለተኛው፣ የአምስት ዓመቱ አጥር አንድ ትልቅ በር አለው። ማጭበርበር፣ ወይም ሆን ተብሎ የተደረገ ወይም ከባድ ቸልተኝነት ካለ ጊዜ አይገድበውም። ይኼ ባይኖርማ ሌባ አምስት ዓመት ተደብቆ በነፃ ይሄዳል፤ ተገቢ ነው። አሜሪካም እንዲሁ ነው፤ ለተራው ሦስት ዓመት፣ ለማጭበርበር ግን ገደብ የለውም። እንግሊዝም ለተራው አራት ዓመት፣ ሆን ብሎ ለሸሸገ ሃያ ዓመት ነው። ጥያቄው በሩ መኖሩ ላይ ሳይሆን ቁልፉ ማን እጅ እንዳለ ነው። ስህተትን ማጭበርበር ብሎ የሚሰይመው ያው ገንዘቡን የሚፈልገው መሥሪያ ቤት ከሆነ፣ አጥሩ የሚቆመው መሥሪያ ቤቱ እስከፈለገ ድረስ ብቻ ነው። "ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል" እንዲሉ፣ መዝገብ የሌለውን፣ ከገበያ ገበያ የሚዞረውን ከማሳደድ፣ አድራሻው የታወቀውንና ሰነዱን በሥርዓት ያስቀመጠውን መመለስ ይቀላል።

ሦስተኛው፣ የኛ ሕግ አጥሩን ያጠረው በይበልጥ በጊዜ ነው። በአምስቱ ዓመት ውስጥ ያለው ሰፊ ሜዳ ነው። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 በኬልቪኔተር ጉዳይ ላይ የሰጠው ፍርድ እዚህ ላይ ይጠቅማል። አንድ ሹም አይቶ የወሰነውን ስሌት፣ ሌላ ሹም መጥቶ "እኔ እንዲህ አይመስለኝም" ብሎ መክፈት አይችልም፤ ለመክፈት የሚጨበጥ አዲስ ነገር ያስፈልጋል ነው ያለው። ሐሳብ መለወጥ ምክንያት አይሆንም። የኛ አባቶች ይኼን ያለ ፍርድ ቤት ያውቁት ነበር። ሹም ሲለወጥ ግብር አይለወጥም፤ ቁርጥ ግብር ማለት ትርጉሙ ያ ነበርና።

አራተኛው ከሁሉ ይከብዳል። ሕጉ የማስረዳቱን ሸክም የሚጥለው በግብር ከፋዩ ላይ ነው። ሰነድ ያለው ይከራከራል፤ የሌለውስ? በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ነፋስ መውጫ በጦርነቱ ለቀናት በትግራይ ኃይሎች እጅ ነበረች። በሰው ላይ የደረሰው ግፍ ከሁሉ ይቀድማል፤ ሱቅና ንብረትም ተዘርፏል። ከዘራፊ የተረፈ ካርኒ የሚፈልግ የለም፤ ወረቀት ይበተናል፣ ይቀደዳል፣ ማንደጃ ይሆናል። እንግዲህ አስቡት። ሒሳቡን በ2012 ዓ.ም. ያስታወቀ አንድ ነጋዴ የአምስት ዓመቱ ቆጣሪ ጦርነት መጣ ብሎ አይቆምለትም፤ የሒሳብ ደብተሩ ግን ጠፍቷል። "ሰነድህን አምጣ" ቢባል የሚያመጣው የተሰበረ መስኮቱን ነው። ሰነድ ከሌለ ግምት ይተካል፤ ግምት ደግሞ የ1960ውን ገማች ይመስላል።

ግምትን ካነሳን የቅርቡን ማለፍ አይቻልም። የ1994ቱም ሆነ የ2008ቱ ሥርዓት ትንንሾቹን ነጋዴዎች ደረጃ "ሐ" ብሎ፣ የሒሳብ መዝገብ ሳያስገድዳቸው በግምት ያስከፍላቸው ነበር። የዚህ ግብር ስም ማን መሰላችሁ? ቁርጥ ግብር! ስሙ አንድ ነው፤ ነገሩ ግን ተገለበጠ። የጥንቱ ቁርጥ ልኩ የታወቀና የማይነካ ነበር። የአሁኑ ቁርጥ ገማች ሱቅ ገብቶ፣ ቆሞ አይቶ፣ "ቀን ይኼን ያህል ትሸጣለህ" ብሎ የሚቆርጠው ሆነ። ግምቱ ለዓመታት ሳይነካ ቆይቶ በ2009 ዓ.ም. የቀን ገቢ ግምት በድንገት ሲመጣ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። በሐምሌ ወር በኦሮሚያ ብዙ ከተሞች ሱቆች ተዘጉ፤ በአዲስ አበባም ነጋዴው በቅሬታ ተሰልፎ ዋለ። ብዙው ሰው የሚለው "ግብር አልከፍልም" ሳይሆን "ይኼን ቁጥር ከየት አመጣችሁት?" ነበር። ቅሬታ ሰሚ ተቋቁሞ ብዙ ግምት ዝቅ ብሏል። ለመሆኑ በቅሬታ ዝቅ የሚል ግምት ሲጀመር እንዴት ተገመተ?

አሁን ደግሞ ሚዛኑን ለመንግሥትም ላቅርብ፤ አለበለዚያ ዳኝነቴ የጎደለ ይሆናል። "የተቆረጠ አይነካ" የሚለው ነገር ሲበዛ አገር ያደኸያል። ቤጌምድርና ጎጃም በጥንቱ ልክ ሲከፍሉ በኖሩባቸው ዓመታት የብር ዋጋ ወርዷል፤ የሚፈለገው ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ግን ጨምሯል። ያልተነካ ግብር ያልተሠራ መንገድም ነው። ከነፋስ መውጫ ወደ ስማዳ የወረደ ሰው ይኼን በወገቡ ያውቀዋል። በዚያ ላይ እነዚህ ወረዳዎች ዝናብ ሲቀር እህል ከውጭ የሚጠብቁ፣ ሴፍቲኔት የገባባቸው ናቸው፤ የሚረዳቸውን ገንዘብ ሌላ ግብር ከፋይ ከፍሎታል። መንግሥት ግብር መጨመር የለበትም የሚል ሰው፣ ከማን ተቀብሎ ለማን ይስጥ ለሚለው መልስ ያምጣ።

ነገሩ የሚፈታው ሁለት ነገሮችን በመለየት ነው። ለሚመጣው ዓመት ግብርን መለወጥ የመንግሥት ሥልጣን ነው፤ በአዋጅ፣ በምክር ቤት፣ ሰው አስቀድሞ እንዲያውቀው ሆኖ። ያለፈውንና የተዘጋውን ዓመት መክፈት ግን ሌላ ነገር ነው። ወዳጄ የነገው ግብር ቢጨምር ዋጋውን ይጨምራል፣ ወጪውን ይቀንሳል፣ ካልሆነም ሱቁን ይዘጋል። የዛሬ ሦስት ዓመት ግን የሸጠውን ጨው ዋጋ ዛሬ ተመልሶ ሊጨምር አይችልም። ደንበኛው ጨውን በልቶታል። የትናንት ግብር ከትናንት ትርፍ ካልተከፈለ የሚከፈለው ከልጅ ጉሮሮ ነው። የጎጃም ገበሬ በ1960 ዓ.ም. የተነሳው ለወደፊቱ በወጣ ሕግ ላይ ቢሆንም፣ ያየው ግን ያለፈው ሁሉ ሊከፈት እንደሆነ ነው። መንግሥት ሁለቱን ለይቶ ሳያስረዳ ሲቀር ሕዝብ አንድ አድርጎ ያያቸዋል።

መሬቱም ላይ ይኼው ጥያቄ አልተኛም። የ1967ቱ አዋጅ መሬትን የሕዝብ ሲያደርግ የሽማግሌው ደረሰኞች ምስክርነታቸውን አጡ። በ1989 ዓ.ም. በክልሉ መሬት እንደገና ሲደለደል፣ ባለፈው ሥርዓት በነበራቸው ሹመት "ቢሮክራት" የተባሉ ሰዎች መሬታቸው ተቀነሰ፤ የተዘጋ መዝገብ ተከፈተ። በኋላ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሲመጣ ገበሬው በእልልታ የተቀበለው ለወረቀቱ ውበት አይደለም። ቁርጡን የሚነግረው ነገር በማግኘቱ ነው። ያንን ደብተር ዛሬ ከምሰሶው ላይ አንጠልጥሎ የሚያስቀምጥ ሰው ቢኖር አይገርመኝም።

ወዳጄን "ተቃውሞህን በ21 ቀን ውስጥ አስገባ፤ ደብዳቤው የደረሰህን ቀን ጽፈህ ያዝ፤ ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ነው" ብዬ መከርኩት። አስገብቷል። ምን እንደሚወሰንለት አላውቅም። ምናልባትም ዕዳው እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ ምናልባትም ገማቹ ተሳስቷል። ሲለየኝ ግን የጠየቀኝ ስለ ገንዘቡ አልነበረም። "አምስት ዓመት የሚሞላው መቼ ነው?" አለኝ። ቀኑን ነገርኩት። ከኪሱ ካርኒውን አውጥቶ ከጀርባው ጻፈው፤ አጣጥፎም መለሰው።

ሽማግሌው ቢያዩት ኮሮጆ ይሰጡት ነበር።

ቸር እንሰንብት።